የመንኮራኩሩ አፍንጫ

ዘርፌ በየማለዳው የጠፈር መንኮራኩሩን አፍንጫ ለብ ባለ የጨው ውሃ ታጥባለች። አፍንጫው በዋናው የአየር ቧንቧ ውስጥ የተዘረጋ፣ ከሰው አፍንጫ ሕዋሳት የበቀለ ስስ ሽፋን ነው፤ ሕዋስ የሚባለው ሥጋችን የተገነባበት ደቃቅ ጡብ ነው። ከማቀዝቀዣው መርዝ ካፈተለከ ሽፋኑ ያሸታል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ሰው ይድናል።

አንድ ማለዳ ግን ሽፋኑ አብጦ ንፍጥ ያንጠባጥብ ነበር። ጥጥ መርዝ ውስጥ ነክራ አስጠጋችለት። ደወሉ ጭጭ። ልጇ ማስተዋል የምትተኛው ማቀዝቀዣው አጠገብ ነው።

በአጉሊ መነጽር አየችው። ቆሻሻ የሚጠርጉት ፀጉራም ሕዋሳት ሳስተዋል፤ በቦታቸው ንፍጥ አምራቾቹ ተንሰራፍተዋል። መጋጠሚያቸውም ጭቃው እንደ ረገፈ ግድግዳ ላልቶ አቧራ ያስገባል።

ምክንያቱን ለማወቅ መመራመር አላስፈለገም። የዚህ መንኮራኩር ሰው ነፋስ ይፈራል። ነፋስ የሚባል በሌለበት ሰማይ ተወልዶ፣ ነፋስ ይመታኛል ብሎ ራስጌው ያለውን የአየር ቀዳዳ በቡትቶ ይወትፋል። የቡትቶው ብናኝ በቧንቧው እየወረደ ሽፋኑን ስንት ዘመን ሲቆጠቁጠው ኖረ።

የመንኮራኩሩ አለቃ ምንውየለት ጨርቁን ሁሉ አስነቅሎ ቧንቧውን አሳጠበ። ሽፋኑ ግን አልዳነም። ብናኙ ቢጠፋም፣ ሌሎቹን የሚወልዱት የሥር ሕዋሳት ቂመኛ ናቸው፤ አቧራው ዛሬም ያለ ይመስል ንፍጥ አምራች ብቻ ይወልዳሉ። ሰዉም ሳይውል ሳያድር መልሶ ወተፈ፤ ቀድማ የወተፈችውም የአለቃው ሚስት ናት። ፍርሃት በአዋጅ አይነቀልም።

ከንጹሕ አፍንጫ አዲስ ዘር መውሰድ ግድ ሆነ። ዘርፌ የሁሉንም አፍንጫ በጥጥ እየጠረገች አየች። ሁሉም ያው ነው። የሁሉም አፍንጫ ስለሚያፏጭና ስለሚያንኮራፋ፣ መታመሙን ያወቀ አልነበረም። የማስተዋልን አፍንጫ በመጨረሻ አየች። እሷም ያው።

የቀረው ተገኝ የሚባለው እስረኛ ብቻ ነበር፤ በምግብ ተጣልቶ ሰው በቢላ ወግቶ ታችኛው ክፍል የተቆለፈበት። ራሱን እንዳያንቅ ተብሎ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ስለተከለከለ የእሱ ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ብናኝ አይረግፍበትም። ስትገባ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

«አፍንጫህን ፈልገን ነው» አለችው።

«እጄ ነበር ያጠፋው። አፍንጫዬ ደግሞ ምን አደረገች?»

ጠርጋ አየችው። ንጹሕ ነው። ጉዳዩን ስትነግረው እሰጣለሁ አለ፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰው መሀል ልደር። የወጋሁት ሰውዬ ጎንም ቢሆን።»

«ማስተዋል ትሙት፣ አስወጣሃለሁ» ብላ ማለችለት። በልጅ ከተማለ በኋላ ሌላ ማረጋገጫ አይጠየቅም፤ ተገኝ አፍንጫውን ሰጣት።

አለቃው ግን ይውጣ መባሉን ሲሰማ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «ብናኙ አዲሱንም ሽፋን ያበላሸዋል፤ ዘር ደግሞ ይፈለጋል። ተገኝ እላይ ከቡትቶው ሥር ካደረ ለከርሞ አፍንጫው እንደኛው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከማን ልንወስድ ነው?» አለ።

«አንድ ሰው ይብረደው፤ ሌላው ይተንፍስ» አላት።

«ምዬለታለሁ እኮ፣ ጌታዬ።»

«በማን?»

ጥጧን ሰብስባ ወጣች።

አዲሱ ሽፋን ያዘ። መርዙን በጥጥ ስታስጠጋለት ደወሉ መንኮራኩሩን አናወጠው፤ ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ። ዘርፌ ቁልፉን ይዛ ወረደች። ተገኝ ምንጣፉን ጠቅልሎ በሩ ሥር ተቀምጦ ኖሯል፤ ኮቴዋን ሰምቶ ተነሣ።

«እትዬ ዘርፌ፣ አንቺ ነሽ?»

ቁልፉን ከተተችው፤ አላዞረችውም። ከውስጥ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማታል። ቁልፉን መልሳ አወጣችና ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

ማስተዋል የቀን እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እናቷ ትከሻዋን ይዛ ናጠቻት፤ ዓይኗን ገልጣ እስክትቆጣት ድረስ ናጠቻት።