ምላጭ የሌለው ጠመንጃ

ዶይል ራትሊፍ የሱቁን በር በትከሻው ገፍቶ ሲገባ ግራ ጆሮው ተተርትሮ ደሙ እስከ ሸሚዙ ኪስ ወርዶ ነበር። በአንድ እጁ ቱርክ ሠራሽ የአደን ጠመንጃ፣ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም የጥይት ካዝና ይዟል።

«ይሄን ግጠሚልኝ» አለ።

ቬርና ብረት መንከሻው ሞርሳ ላይ ካሰረችው አፈሙዝ ቀና አለች። የጠመንጃ ጥገና ሙያውን ማንም አላስተማራትም፤ የተበላሸ ጠመንጃ እየፈታች፣ የሕጉን መጽሐፍ ብቻዋን እያነበበች ነው የተካነችው። በእነዚያ የኬንታኪ ተራሮች ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚረሳ ካለ እሷው ታስታውሰዋለች።

«መጀመሪያ ጆሮህን ያዝ። ወለሌን አሁን ነው ያጠብኩት።»

«ጆሮዬን ተዪው! የአጎቴ ልጅ ሆበርት ጂንሰንጌን፣ ያን ውድ የመድኃኒት ሥር፣ ከተራራዬ ላይ ሲቆፍር ደረስኩበትና በአካፋ መታኝ። ውሾቼን በጥይት ጨረሳቸው። ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነኝ።»

«ካዝናው የት ነው የተሠራው?»

«ምን አውቃለሁ! ቱርክ መሰለኝ።»

«እንግዲያው አልገጥመውም። ጠመንጃህ አገር የገባው የአደን ነው ተብሎ ነው። ይሄን ስትጨምርበት በሕግ ዓይን የአደን መሆኑ ይቀራል። ያን ጊዜ ሕጉ ከሚቆጥራቸው ክፍሎች የውጭ ሥራው ከአሥር መብለጥ የለበትም። ያንተ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቱርክ ነው። ምላጩን፣ ሰደፉን፣ ካዝናውን በአሜሪካ ሥራ መለወጥ አለብኝ። አዝዤ እስኪመጣ ጠብቅ።»

«እስኪመጣ እኔ ከመሬት በታች ነኛ!»

«ከመሬት በታች ከሆንክ አበባ አመጣልሃለሁ። እስር ቤት ግን ስንቅ አላመላልስም።»

ዶይል ሊስቅ ሲል ቁስሉ ወጋውና ፊቱ ተጨማደደ። ቬርና ጨርቅ በአልኮል ነክራ ጆሮው ላይ ጫነችበት። ጮኸ፤ ተሳደበ። እሷ ግን አገጩን ይዛ አልለቀቀችውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ ከዚህ አልኮል ይብሳል።»

«አልኮሉ ያልቃል።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሁለቱም ቀድሞ ዞር ማለትን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት።

ከዚያ ወዲያ ጠመንጃውን እሷ ዘንድ ትቶ፣ እቃው መጣ ወይ በሚል ሰበብ ይመላለስ ጀመር። የበቆሎ ቂጣና ባቄላ በጣሳ ይዞ ይመጣል፤ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ስትሠራ ያያታል። «ሥራ የለህም?» ትለዋለች። «አለኝ፤ እየሠራሁት ነው» ይላታል። ሳይመጣ ሲዘገይ ዓይኗ ከመንገዱ አይነሳም ነበር፤ ይህን ግን ብትገደል አትናገርም።

አንድ ቀን ሳይመጣ ዋለ። በማግስቱ ጎኑን ደግፎ እየተጎተተ ደረሰ። ሆበርት ወንዝ ዳር አግኝቶት፣ የጎን አጥንቱን በጫማ ሰብሮ፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቆት ሄዷል።

«ጠመንጃዬን ስጪኝ። ካዝናውን ራሴ እገጥመዋለሁ።»

«ዶይል...»

«ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ። ብትሰጪኝም ባትሰጪኝም።»

እንዳለ ብትሰጠው ራሱ ገጥሞ ወንጀለኛ ይሆናል። ባትሰጠው ባዶ እጁን ይሞታል። ያዘዘችው እቃ ገና መንገድ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ግን የራሷ ጠመንጃ ተሰቅሏል፤ አሜሪካ ሠራሽ፣ ቱርኮቹ አይተው የዶይልን የቀዱበት እናትየው።

ቬርና የራሷን ጠመንጃ ፈታችው። የምላጩን ክፍሎች፣ ሰደፉን፣ የእጅ መደገፊያውን፣ ካዝናውን ከነሆድ ዕቃው አውጥታ ለዶይል ገጠመች። በውስጡ የቀረውን የቱርክ ሥራ ደጋግማ ቆጠረች፤ ሕጉ ከሚለው አያልፍም። የእሱን ምላጭ በራሷ ጠመንጃ ውስጥ ልትተካ ብትሞክር አልያዘም። ቅጂ ነገር ሁልጊዜ ወደ እናቱ አይመለስም። የቱርኩን ሰደፍ አልብሳ የማይተኩሰውን ጠመንጃዋን መልሳ ሰቀለችው።

ጠዋት ዶይል ሲመጣ «እቃው መጣ» ብላ ዋሸችው። ጠመንጃውን ወስዶ፣ ግንባሯን ስሞ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ሆበርት ሽጉጥ ታጥቆ ገባ።

«ውሽማሽ የት አለ?»

ቬርና ጠመንጃዋን ከግድግዳ አውርዳ ደረቱ ላይ ደገነች።

«ውጣ።»

«ተኩሺ እንጂ! ምላስሽ ብቻ ነው እንዴ?»

አንድ እርምጃ ተራመደ። ሌላ ጨመረ። አፈሙዙን ጨብጦ ሲጎትት ጣቷ ምላጭ በሌለው ባዶ ቦታ ገባ። ሆበርት አየና ከት ብሎ ሳቀ። ፀጉሯን ይዞ ወደ ሞርሳው ጎተታት፣ ቀኝ እጇን በመንጋጋው መሀል ከተተና መዘወሪያውን አጠበቀ።

«የት አለ?»

«እናትህን ጠይቅ!»

ደግሞ አጠበቀ። አጥንቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ድምፁን ራሷ ሰማችው። ጩኸቷ ወደ ሱቁ እየተመለሰ ከነበረው ከዶይል ጆሮ ደረሰ።

በሩ ሲበረገድ ሆበርት ሽጉጡን መዞ ተኮሰ፤ የበሩ መቃን ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ሳይተኩስ የዶይል ጥይት ደረቱን አገኘው። ቬርና ባጠበችው ወለል ላይ ወድቆ፣ እየተንፈራገጠ፣ አምቡላንስ ሳይደርስ ሞተ።

የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ሸሪፉ የቬርናን ምስክርነት ሰምቶ፣ የተሰነጠቀውንም መቃን አይቶ፣ ዶይል ራሱን ለመከላከል ነው አለ። ጠመንጃው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ለእሱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጣ። ቱርክ ሠራሽ፣ ባለ ረጅም ካዝና፤ ከአሥሩ በላይ አንድ የውጭ ክፍል ቢተርፍ ዶይል ዓመታት ይታሰራል። ሰውዬው እየፈታ በጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«ሕጋዊ ነው። አሜሪካ ሠራሹን ከየት አገኛችሁት?»

«ከእኔ ጠመንጃ» አለች ቬርና፣ በጄሶ የታሸገ እጇን እንዳቀፈች።

ዶይል ፊቱ አመድ መሰለ። «እቃው መጣ ብለሽኝ አልነበር? በባዶ ብረት ነው ፊቱ የቆምሽው?»

«ጩኸት አታብዛ፤ ራሴን ያመኛል።»

ዶይል ወጥቶ የሱቁን ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እሷም ወጥታ ጎኑ ቆመች።

ጄሶው ሲፈታ የቀኝ እጇ ጣቶች አልታጠፍ አሉ። ሞረድ መጨበጥ አበቃ። አሁን ሞርሳው ላይ የሚቆመው ዶይል ነው፤ እሷ ከኋላው ሆና ታዛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞረድ እኮ ነው፣ መጋዝ አይደለም! ወደፊት ብቻ ግፋ።»

«ቬርና፣ አግቢኝ።»

«መጀመሪያ እሱን ጨርስ።»

ግራ እጇን እጁ ላይ ጫነች። አብረው ገፉ፣ ቀስ እያሉ፣ የብረቱ ብናኝ ጣቶቻቸው ላይ እየዘነበ። ሲበቃ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰችው።

«ጠማማ ነው» አለች። «ይሁን። አገባሃለሁ።»