የነጯ መኪና ፋይል

አዋላጅ ነርሷ ደም ማየት ብርቋ አልነበረም። የዚያን ዕለት ጠዋት በተሽከርካሪ ፍተሻ ጣቢያው ጉድጓድ ውስጥ ያየችው ግን ሌላ ነበር። ልትገዛት ያሰበቻት ነጭ መኪና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ከሥሯ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሽማግሌው ፈታሽ ተዘርሯል። የእጅ ባትሪው አጠገቡ እንደበራ ነው። በደረጃው ስትወርድ እግሯ አዳለጣት፤ ግድግዳውን ይዛ ተረፈች። አንገቱን ዳሰሰች። ትርታ የለም። ያኔ ጮኸች።

ሽማግሌውን ሠራተኛው ሁሉ «አባ ጥርጥር» ይለው ነበር። ሥሯ ገብቶ በገዛ ዓይኑ ያላያትን መኪና ቢገድሉት አያሳልፍም። ነርሷ ከዚህ ቀን በፊት በአካል አይታው አታውቅም። ትናንት ደውላ፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ነግራው፣ የመኪናዋን ያለፉ ዓመታት የፍተሻ ውጤት ብትጠይቀው፣ «ልጄ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ። ፋይሏን ሳላሳይሽ እንዳትፈርሚ። በስልክ የሚነገር አይደለም» አላት። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ጩኸቷን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ ወፈር ያለች፣ ድምጿ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ጎትታ አወጣቻትና አቀፈቻት። ቀጥሎ የጣቢያው ኃላፊ ክራቫቱን እያሰረ መጣ። በመጨረሻ መኪናዋን የሚያሻሽጠው ደላላ ብቅ አለና ጉድጓዱን አይቶ ዓመድ መሰለ።

ከፖሊስ የተላከችው መርማሪ አጭር ሴት ናት። ጉንፋን ይዟታል፤ መሐረቧ ከእጇ አይለይም።

«ተንሸራቶ ነው» አላት ኃላፊው። «ደረጃው ላይ ዘይት ፈሷል፤ ይመልከቱት።»

«ከእናንተ ማን ወረደ?»

«እኔ ብቻ» አለች ነርሷ።

«እስቲ የጫማሽን ሶል አሳዪኝ።»

ሶሉ በዘይት ጠቁሯል። ደላላው ሳያስበው አንድ እርምጃ ራቃት። ነርሷ ሁለቱ ልጆቿ ትዝ አሏት። መርማሪዋ ግን ምንም ሳትል ዘይቱን ተሻግራ ወረደች፤ የሟቹን ጫማ አየች፣ አናቱን አየች፣ ተናፍጣ ወጣች።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ኃላፊው ወደዚህ ጣቢያ ከተዛወረ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ነጯን መኪና አያውቃትም። ደላላው ትናንት ከሰዓት አምጥቶ ቁልፏን ለሽማግሌው መስጠቱን ተናገረ።

«ከጣቢያው ሠራተኞች የምታውቀው አለ?»

«ማንንም! የእኔ ሥራ ከመኪና ጋር ነው፣ እመቤቴ።»

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሳትጠየቅ ፋይሉን ይዛ ቀረበች። «ይኸው፣ የሦስት ዓመት ፍተሻ፣ ሦስት ገጽ። ሦስቱም ላይ ‹አልፏል› ይላል፤ ሦስቱም ላይ የሟቹ ፊርማ አለ። ከዚህ ሌላ ወረቀት አይቼ አላውቅም።»

«የፋይሎቹን ካቢኔት ሌላ ሰው ይከፍተዋል?»

ኃላፊው ጣልቃ ገባ። «እሷ ካልፈቀደች ማን ይነካዋል? እኔ እንኳ አለቃዋ ሆኜ ለምኜ ነው የማገኘው።»

መርማሪዋ ፋይሉን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ነርሷ በመዝገብ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትጠብቅ ተነገራት። ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀመጠችና ልጆች እንዳሏት ጠይቃ እጇን ያዘቻት።

«አይዞሽ እህቴ። የሱ ቀን ደርሶ ነው። አንቺ ግን ፈጣሪሽን አመስግኚ፤ ልጆችሽን ያ ብየዳ ላይ ሳታስቀምጪያቸው ቀረሽ።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቃሉ ዘግይቶ ገባት። የምን ብየዳ? አባ ጥርጥር በስልክ ስለ ብየዳ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፋይሉ ላይም የለም። መኪናዋን እስካሁን ከሥር ያየ ሰው ቢኖር ጉድጓዱ ውስጥ የተጋደመው ነው።

እጇ አሁንም በዚያች ሴት እጅ ውስጥ ነው። ጣቶቿ ከሥራ ልማድ የተነሣ ሳታዝዛቸው የሴትዮዋን የእጅ ትርታ አገኙት። ድምጿ እንደዚያ ረጋ ብሎ ሳለ ትርታዋ እንደ ሯጭ ይጋልባል።

«ውሃ... ውሃ ልጠጣ» አለችና ተነሣች። ኮሪደሩን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ለመርማሪዋ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት።

መርማሪዋ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ተመልሰሽ አጠገቧ ተቀመጪ» አለቻት።

«ምን? አልችልም! ትገድለኛለች!»

«ከቀረሽ ትጠረጥራለች። ሩብ ሰዓት ብቻ ስጪኝ፤ መኪናዋን ከሥር ልያት። በሩ ላይ ፖሊስ አቆማለሁ።»

ያ ሩብ ሰዓት ለነርሷ ከሁለቱም ምጦቿ ይረዝም ነበር። ሴትዮዋ ስለ ልጆቿ ዕድሜ ጠየቀቻት፤ መለሰች። ወንበሩ ሥር የተጣለ የመኪና መለዋወጫ ብረት አየችና ዓይኗን ከሱ መንቀል አቃታት። ሴትዮዋ ለመነሣት በተነቃነቀች ቁጥር ነርሷ ወደ በሩ ታያለች።

በመጨረሻ መርማሪዋ ሁሉንም አስከትላ ገባች። እጇ በግራሶ ጠቁሯል።

«ሰው ሲንሸራተት የሚመታው ማጅራቱን ነው» ብላ ጀመረች። «ሟቹ የተመታው መሃል አናቱን ነው። ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሰው አናቱ ከወለሉ እኩል ነው፤ ከላይ ሆኖ ለመምታት ጉልበት አይጠይቅም። ደግሞ ይቺ ነርስ አንዴ ብትወርድ ጫማዋ በዘይት ተነከረ። የሟቹ ሶል ደረቅ ነው። ዘይቱ የፈሰሰው እሱ ከወረደ በኋላ ነው ማለት ነው።»

«ማን አፈሰሰው?» አለ ኃላፊው።

«እደርስበታለሁ። ይህ ገጽ የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው ይላል። የጭስ ልኬት የሚሞላበትን ሣጥን አዩት?»

ኃላፊው መነጽሩን አስተካክሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ቅጽ ያሳተምኩት እኔ ነኝ! እዚህ ከመጣሁ በኋላ!»

«ስለዚህ እውነተኛው ገጽ ወጥቶ በቅርቡ ሌላ ተተክቷል። እኔ አሁን መኪናዋን አየሁ፤ ሻንሲዋ፣ አካሏን የሚሸከመው ብረት፣ መሃል ለመሃል ተቆርጦ ተበይዷል። ሟቹ ያኔ ብየዳውን ገጹ ላይ ጽፎ ጥሏታል። የነርሷ ስልክ ሲደርሰው ፋይሉን ቢያወጣ በራሱ ስም ‹አልፏል› የሚል አገኘ። ዛሬ በማለዳ እርግጠኛ ለመሆን ሥሯ ገባ። ደላላው ብየዳውን ሊያውቅ ይችላል፤ ካቢኔቱን ግን አይከፍትም። ኃላፊው ቅጹ አለው፤ ብየዳውን ግን አያውቅም። ሁለቱም ያላት...» ወደ መዝገብ ቤቷ ሴትዮ ዞረች። «ሌላ ወረቀት አይተሽ ካላወቅሽ፣ ብየዳውን ለዚች ሴት እንዴት ነገርሻት?»

የመለሰው ደላላው ነው።

«እትዬ!» አለ፣ ድምጹ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «እትዬ፣ ወረቀት ብቻ ነበር እኮ ያልሽኝ! ምን አደረግሽ?»

ማንንም አላውቅም ያለው ሰው የእናቷ ልጅ ነበር።

ሴትዮዋ ለመካድ አልሞከረችም። «በክረምቱ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያላት ሚኒባስ... አምስት ሰው የሞተባት... የእሷንም ገጽ የለወጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዛሬ ጠዋት እንዳያጋልጠኝ ለመንኩት። ‹የአምስቱን ሰዎች ቤተሰብ ለምኚ› ብሎ ባትሪውን አብርቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ብረቱን ያነሣው፣ ዘይቱንም ያፈሰሰው እጄ ነው፤ እኔ አላውቅም።»

ፖሊሶቹ ሲወስዷት በነርሷ ፊት አለፈች። ነርሷ ማንም ሳይነካት ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

መንገድ ዳር ወጥታ ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ የሚያልፈው መኪና ሁሉ አስፈራት። ስልኳ ጠራ። ትልቋ ልጇ ናት።

«እማዬ! መኪናዋን ገዛሻት? በምን ልትመጪ ነው?»

«በእግሬ» አለች ነርሷ፤ ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። «በእግሬ እመጣለሁ፣ እናቴ። በር ላይ ጠብቂኝ።»