ግጥምና ዜማ፦ የእናቱ ልጅ

ኢንስፔክተር ሽታዬ ስትደርስ ጋሮምሳ ገመዳ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር። ትልቁ የጆሮ ማዳመጫ ከጆሮው አልወለቀም። ዕድሜው ገና ሃያ ስምንት ነው፤ ጉንጩ ቀልቶ ላየው ከኳስ ሜዳ የተመለሰ እንጂ የሞተ አይመስልም። ማይኩ ፊት ለፊቱ ቆሟል፣ ላፕቶፑ በርቷል፣ ስልኩ ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የክፍሏ ግድግዳ በሙሉ በአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ተለብዷል፤ መስኮቷም አልቀረላትም። አየር የሚገባባት በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ብቻ ነው። ከበሩ ውጭ ወደ ግቢው የሚወስድ ጠባብ ኮሪደር አለ።

እንግዲህ አዳማ ናት፤ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ወሬው መናኸሪያ ደርሶ ነበር። «ራሱን አጠፋ» ነው ወሬው። ምክንያትም ተገኝቶለታል። ከፋሲካ ወዲህ በከተማው ባጃጅ ሁሉ የሚጮኸውን፣ ደሊልና ሶፊ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚቀባበሉትን «አንዴ ድገሚኝ» የተባለ የጭፈራ ዘፈን ታውቁታላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ከሥሩ «ግጥምና ዜማ፦ የእናቱ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። በዚህ ሳምንት ግን «የእናቱ ልጅ» ማለት የመዘምራን መሪው ጋሮምሳ ነው ተባለ። እነጋሮምሳ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መዝሙር ሌላ፣ ዘፈን ሌላ ነው፤ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ከመድረክ ይወርዳል፣ በጉባኤ ፊትም ይነገርበታል። ይህንን ውርደት ፈርቶ ሞተ ብለው ሰዎቹ በአንድ ጀምበር ፈረዱ። ፍርድ እንደሁ በነፃ ነው የሚታደለው።

እናቱ እትዬ መሰለች የወንጌላዊ ገመዳ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለች ሱቅ እርጎና ወተት እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሽታዬን ሲያዩ አላለቀሱም።

«ልጄ ራሱን አላጠፋም» አሉ።

«እንዴት አወቁ፣ እትዬ መሰለች?»

«ምሳውን ሲበላ ‹ማታ ደግሞ ሽሮ እንዳትሠሪ፣ ሰልችቶኛል› አለኝ። ሊሞት የቆረጠ ሰው ስለ እራት ይጨነቃል?»

ለማስረጃ አይበቃም፤ ሽታዬ ግን ነገሩን ወደደችው።

«ከዚያስ?»

«ለመዝሙር ልምምድ እሄዳለሁ አለኝ። እኔም ወደ ሱቄ ወጣሁ። ቤት መኖሩንም አላወቅኩ።» ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ነገ ከሰዓት ነው ቀብሩ። ራሱን ካጠፋ መዘምራኑ አይመጡም ብለዋል። አባቱን በመዝሙር ነው የሸኘነው፤ እሱን ግን አንገቴን ደፍቼ ልቅበረው? እውነቱን አውጪልኝ እህቴ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

«የማይወዱት ነገር ቢሆንስ?»

«ማንም ይሁን ማን፣ አውጪልኝ።»

ሬሳውን ያገኘችው ታናሽ እህቱ ቤዚ ናት። ከኮሌጅ የከሰዓት ትምህርቷ ስትመለስ ነው ያየችው። ሽታዬ ኮሪደሩ ውስጥ ነጠል አድርጋ አነጋገረቻት።

«በሩ ክፍት ነበር?»

«አዎ… ገርበብ ብሎ ነበር።»

ሽታዬ በሩን አየችው። ከውጭ በኩል የተንጠልጣይ ቁልፍ ማያያዣ ተመቶበታል፤ ብረቱ በየቀኑ እንደሚነካ ዕቃ ነጥቷል። ቁልፉ ግን የለም።

«የዚህ ቁልፍ የት ሄደ?»

«ከጠፋ ቆይቷል» አለች ቤዚ። እጇ ከሹራቧ ኪስ አልወጣም።

ሽታዬ አልተጫነቻትም። ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ሙልጭ ተደርጎ ተወልውሏል። ከበሩ አጠገብ ግን የግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር አለች። በጣቷ ስትነካት ጥላሸት ሆነች። ግቢው ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ጎማ ያለው ጀነሬተር ላስቲክ ለብሶ ቆሟል።

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለላት። «ደሙ ውስጥ ያለው ጭስ ነው። የከሰል ወይ የሞተር» አለ። ክፍሉ ውስጥ ከሰል የሚባል ነገር አልነበረም። ሽታዬ ይህንን ለማንም ሳትናገር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወደ አቶ ቶኩማ ሄደች።

አቶ ቶኩማ ሌሊቱን አልተኙም። «አካም ጅርቱ» ብለው ተቀበሏትና ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ የገፋሁት መሰለኝ። ሐሙስ ሽማግሌዎች ፊት ቅረብ አልኩት።»

«ምን መለሰ?»

«እሺ አለኝ። ‹ግን ለእማዬ እኔው ራሴ ልንገራት፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ› አለ። ሰጠሁት።»

«ዘፈኑን የጻፈው እሱ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ኪቦርድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑን ስሰማ ጣቶቹን አወቅኳቸው።» አቶ ቶኩማ አፈሩ። «እስኪያልቅ ስሰማ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጥሩ ነበር።»

ዘፋኙ ደሊል ከሞጆ ተጠርቶ መጣ። እዚያ ደረቅ ወደብ አካባቢ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነበረ፤ ዘፈኑ ሲወጣለት ሥራውን ተወ። ሶፊ ያን ቀን ሐዋሳ መድረክ ላይ ስለነበረች ከነገሩ የለችበትም። እሱ ግን ግቢው ውስጥ ታይቷል።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለችው ሽታዬ።

«ሁለተኛ ዘፈን ቃል ገብቶልኝ ነበር። ‹ዛሬ ከሰዓት በድምፄ ቀድቼ እልክልሃለሁ› አለኝ። ስልኩ ዝግ ሲሆንብኝ መጣሁ። በሩ ላይ ይሄን የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የለም ብዬ ሄድኩ።»

«ቁልፉን በዓይንህ አየኸው?»

«በእጄ ነካሁት እንጂ! ዝናቡ ሊጥል ነበር፤ ገና ከግቢው ሳልወጣ መብራት ጠፋ።»

ሽታዬ ላፕቶፑን ከፈተችና አብረው ሰሙ። መቅጃው ሰው እስኪያጠፋው ድረስ ሲቀዳ ነው የቆየው። ጋሮምሳ በለሆሳስ ይዘፍናል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ጀነሬተር ከሩቅ ተነሳ። ጋሮምሳ «ኤጭ!» ብሎ ሳቀና ቀጠለ። ቀጥሎ የጀነሬተሩ ድምፅ እየቀረበ እየቀረበ መጥቶ ክፍሉን ሞላው፤ ጋሮምሳም በመሀል ዘፈኑን አቋረጠ። ሽታዬ እዚህ ቦታ ላይ መልሳ መልሳ ሰማች። ፊቷ ተለዋወጠ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሳል ተሰማ። በሩ ተሳበ፣ እንደገና ተሳበ። «ቤዚ… ቤዚ…» አለ ጋሮምሳ፤ የሚያንሾካሹክ ነበር የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ያለው ጀነሬተር ብቻ ነው።

ደሊል እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «ለምን አልጮኸም? እንዲህ እየሆነ እንኳ ለምን አልጮኸም?»

ሽታዬ ላፕቶፑን ዘጋች። በሥራዋ ብዙ ክፉ ሰው ይዛለች፤ መያዝ ቀላል ነው። የዚህን ዓይነቱን ግን የት እንደምታደርሰው አላወቀችም።

ቀብሩ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው እሳሎን ተሰበሰቡ፤ እትዬ መሰለች፣ ቤዚ፣ አቶ ቶኩማና ደሊል። ለቅሶ የመጣው ሰው ውጭ ድንኳን ውስጥ ነው።

«እትዬ መሰለች፣ መጀመሪያ ሁለታችን ብቻችንን ብንነጋገር» አለች ሽታዬ።

«የለም። ስሙን ያጠፉት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት አጽጂልኝ።»

ሽታዬ ተነፈሰች። «እሺ። ጋሮምሳ ራሱን አላጠፋም። ሲሞት እየቀዳ ነበር፤ ድምፁ አለ። መውጣት ፈልጎ በሩን ሁለቴ ስቧል። መሞት የፈለገ ሰው በር አይስብም።»

እትዬ መሰለች አቶ ቶኩማን አዩዋቸው። ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«በሩ ያልተከፈተለት ከውጭ ተቆልፎ ስለነበር ነው። ደሊል ቁልፉን ነክቶታል። ቤዚ ደግሞ ቁልፉ ጠፍቷል ብላኛለች።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቤዚ፣ ኪስሽ ውስጥ ያለውን አውጪው።»

ቤዚ ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እሱ ነው ቆልፊብኝ የሚለኝ። ሁልጊዜ ነው። እማዬ ቁልፉን ስታይ የለም እንድትል ነው። ዘፈን ሲሠራ እንዳታገኘው። ከክፍል ስመለስ እከፍትለታለሁ። ትናንት ዝናቡ ያዘኝ… እማዬ፣ ዝናቡ ያዘኝ።»

«ከእኔ ተደብቆ?» አሉ እትዬ መሰለች።

«‹ለጌታ የሰጠሁት ልጅ› ትያለሽ። እንዳያሳዝንሽ ብሎ ነው። ስሙን እንኳ ‹የእናቱ ልጅ› ብሎ ነው ያጻፈው።»

እትዬ መሰለች እጃቸውን ቤዚ ጉልበት ላይ አኖሩ። «መቆለፍ አይገድልም። ምን ገደለው?»

«የጀነሬተር ጭስ» አለች ሽታዬ ቀስ ብላ። «መብራት ሲጠፋ ግቢው ውስጥ ተነሳ። በኋላ ወደ ኮሪደሩ ገብቶ በሩ ሥር ቆመ፤ ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ አለ። ክፍሉ የሚተነፍሰው በበሩ ሥር ብቻ ነው። ይህንን ጋሮምሳ አላደረገውም፤ ስልኩን እንኳ ማይኩ ላይ ጭው እንዳይል አጥፍቶ የሚቀዳ ሰው ጀነሬተር አጠገቡ አያመጣም። ደሊልም አይደለም፤ መብራቱ ሲጠፋ እየወጣ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። አደጋ ነው። ለቀብሩ ይሄ ይበቃል፣ አቶ ቶኩማ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አቶ ቶኩማ ግን ሌሊቱን ሙሉ ራሳቸውን ሲከሱ ያደሩ ሰው ናቸው፤ ጥፋተኛ ፈለጉ።

«እና ጀነሬተሩን ማን አስጠጋው?»

ሽታዬ ለማን ብላ ትመልስ?

«ዝናብ ነበር» አሉ እትዬ መሰለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ዝናብ ነበር። እንዳይበላሽ ወደ ውስጥ ጎተትኩት። የሱቁ ፍሪጅ ከቆመ እርጎው ይሄዳል። ቁልፉን አየሁት፤ ልጄ ጌታ ቤት ነው አልኩ፣ ደስ አለኝ።» ድምፃቸው አልተሰበረም፤ ቢሰበር ይሻል ነበር። «መብራት ሲመጣ መልሼ አወጣሁት። ጭቃውንም ወለወልኩ።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አለች ቤዚ።

«አንቺ ዝም በይ።» እትዬ መሰለች ሽታዬን ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ ታውቂ ነበር።»

«ቅጂው ላይ ድምፅዎ አለ። ጀነሬተሩን ሲጎትቱ መዝሙር ያንጎራጉራሉ።»

«እሱስ ሰማኝ?»

ሽታዬ መዋሸት ትችል ነበር፤ ብትዋሽም ማንም አይፈርድባትም። እውነቱን ብቻ የለመኗት ሴት ፊት ግን ምላሷ እምቢ አላት።

«ሰምቶዎታል። መዘመርዎን ሲሰማ ነው ዘፈኑን ያቋረጠው።»

«ከበሩ ወዲህ ነበርኩ እኮ። አንዴ እማዬ ቢለኝ በሩን በጥርሴ እገነጥለው ነበር። ለምን አልጠራኝም?»

ቤዚ መልሱን ታውቃለች፤ አቶ ቶኩማም ያውቃሉ። ደሊል ተነስቶ ወጣ።

«መዘምራኑ ይመጣሉ፣ እህት መሰለች» አሉ አቶ ቶኩማ በመጨረሻ። «ሁሉም ይመጣሉ። እኔም አብሬ እዘምራለሁ።»

«ይምጡ» አሉ እትዬ መሰለች።

ከሰዓት በኋላ መዘምራኑ በሙሉ መጡ፤ ነጭ ለብሰው፣ አንድም ሳይጎድል። መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው የሚችሉትን ያህል ዘመሩለት። ለቀስተኛውም እየተቀበለ አብሮ ዘመረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አፋቸውን ያልከፈቱት እትዬ መሰለች ብቻ ነበሩ፤ ከንፈራቸውን ገጥመው አፈሩን ያያሉ። ሽታዬ ከኋላ ቆማ አየቻቸው፤ ልታደርግላቸው የምትችለው ምንም ነገር አልነበረም።