ጎህ ሳይገለብጥ

ልጅቷ የተገኘችው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ደረጃ ሥር ነው። ተማሪዎች «ጋሼ ፀጥታ» የሚሉት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለመዝጋት መብራት እያጠፋ ሲወርድ መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነበር። ቀጥሎ እሷን አየ። ቦርሳዋ ከትከሻዋ አልወረደም። መነጽሯ ግን ከፍ ብሎ፣ ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ይመስል ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ለመርማሪዋ የሰጣት አለቃዋ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው። ሟቿ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ ዓርብ ዕለት የመመረቂያ ጽሑፏ የተሰረቀ ነው ተብሎ እንዳታቀርብ ታገደች፤ ቅዳሜ ሞተች።

«እፍረቱን አልቻለችውም። ራሷን ወርውራ ነው» አለ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

በዚህች ቃል የተነሳ ባልደረቦቿ «እመት ቆይ» ይሏታል።

በሆስፒታሉ ኮሪደር የሟቿ ታላቅ ወንድም ተቀምጦ አገኘችው። የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ከሥራ ላይ ተጠርቶ ስለመጣ የጥፍሮቹ ግራሶ አልለቀቀም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል።

«ልቅሶው ይመጣል ብዬ እየጠበቅኩ ነው። አልመጣም» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ሰርቃለች?»

«አላውቅም።»

«እሺ» አለና ወደ እጆቹ ተመለሰ።

ሐኪሙ ልጅቷ እንደወደቀች ወዲያው እንዳልሞተች ለመርማሪዋ ነግሯታል። እሷ ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ተቀበላት። ቆሞም ቀረ።

«ሶፍትዌሩ ሰባ ከመቶ ይመሳሰላል አለ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

«ከማን ጽሑፍ ጋር ነው የተመሳሰለው?»

«ከገዛ አማካሪዋ! ባለፈው ወር ጆርናል ላይ ወጥቷል። የእሱ ቀድሞ ታትሟል፣ የእሷ ኋላ መጥቷል። ሰረቀች ማለት ነው።»

«ሁለቱን አንብበዋቸዋል?»

«ቁጥሩ በቂ ነው።»

«ስለ ምን ነበር የጻፈችው?»

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ስለ... ውሃ መሰለኝ» አለ።

የአማካሪዋ ቢሮ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ደከም ያለ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ጎበዝ ልጅ ነበረች። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ግን አላየኋትም። እግዱን እንኳ የሰማሁት ከኃላፊው ነው።»

«ጽሑፍዎን ወስዳለች ብለው ያምናሉ?»

«ወጣት ናት። ሰው ሲያነብ ይኖርና ያነበበው የራሱ ይመስለዋል። እኔ ይቅር ብያታለሁ።» ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «የሚያሳዝነኝ ግን... ሰው ለአንዲት ግስ ብሎ ሕይወቱን ያጣል?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ደረጃው ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ቆይ» አለች ለራሷ።

ሟቿ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጋር ነበር በአንድ መኝታ ክፍል የምትኖረው። ጓደኛዋ ሁለት አልጋ እያለ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ደርቋል፤ ስትናገር ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«እሷ ልትሰርቅ? እኔን ከስርቆት ያወጣችኝ እሷ ናት።»

«እንዴት?»

«ስገባ ሰሞን ከኢንተርኔት አንቀጽ አንስቼ ቃላቱን ቀያየርኩና አስገባሁ። ቃሉን ከቀየርኩ የእኔ የሆነ መስሎኝ ነበር፤ በእውነት አላወቅኩም። እሷ አየችውና፣ ‹ሌባ ልብስ ቢቀይር ሌባነቱ ይቀራል እንዴ?› አለችኝ። ከዚያ አስተማረችኝ። ‹አንብቢው፣ ዝጊው፣ ለኔ በራስሽ አፍ ንገሪኝ፣ ከዚያ ጻፊው። ሐሳቡን ከማን እንዳገኘሽ ደግሞ እዚያው ጥቀሺ። ቃሉን እንዳለ ካመጣሽ በትእምርተ ጥቅስ እሰሪው› ትለኝ ነበር። መጥቀስ አያዋርድም ትላለች። ሰው የሰጠሽን ሰጠኝ ማለት ነው፣ በቃ።»

«የመመረቂያ ጽሑፏን ምዕራፍ በምዕራፍ ለማን ነበር የምትሰጠው?»

«ለአማካሪዋ ነዋ። ከአንድ ዓመት በላይ።»

«ቅዳሜ አነጋግራሽ ነበር?»

«ከቤተ መጻሕፍት ደወለችልኝ። የአማካሪዋን ጆርናል ገና ያን ጊዜ ማግኘቷ ነበር። ትስቅ ነበር። ሳቅ ብቻ አይደለም፣ እንጃ... እያለቀሰች የምትስቅ ይመስል ነበር። የእሷ ጽሑፍ ‹ጎህ ሳይቀድ ሴቶች ከምንጩ ውሃ ይቀዳሉ› ይላል። ጆርናሉ ላይ ምን ይላል መሰለዎት? ‹ጎህ ሳይገለብጥ ሴቶች ከምንጩ ውሃ ይገለብጣሉ።›»

መርማሪዋ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ይህን ለማን ተናገርሽ?»

«ለማን እናገራለሁ? አሁን ለእርስዎ ነው።»

መርማሪዋ ከዚያ ወደ ጋሼ ፀጥታ ሄደች። ልጅቷ ቅዳሜ ጆርናሉን ተቀብላ ወደ ላይ ወጥታ እንደነበር አረጋገጠላት። ሬሳው አጠገብ ግን ጆርናል አልነበረም። «ማታውኑ እየፈለግኩት ነበር» አለ ሰውዬው አፍሮ። «ሰው ሞቶ እኔ ጆርናል እፈልጋለሁ። እሑድ ጠዋት የመምህራን መመለሻ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት።»

«ሣጥኑ የት ነው?»

«ላይ፣ የመምህራን ማንበቢያ ክፍል ውስጥ። ከኋላው ደረጃ ፊት ለፊት። ከእኔ ሌላ ቁልፉ ያለው መምህራን ጋ ብቻ ነው።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መርማሪዋ ሁሉንም በዚያው ማንበቢያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አማካሪው በመስኮቱ በኩል፣ ኃላፊው ከራስጌ፣ ጓደኛዋና ጋሼ ፀጥታ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንድሟ በሩ አጠገብ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ።

«መጀመሪያ ስርቆቱን እንይ» አለች መርማሪዋ። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላ አነበበች። «አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ‹ጎህ ሳይገለብጥ› ብሎ ይጽፋል?»

ሁለቱንም ጽሑፎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«አይጽፍም። ይህን የጻፈው ቃል የሚያቀያይር ፕሮግራም ነው። ‹ቀዳ› የሚለውን ‹ገለበጠ› በሚል ለውጥ ተብሏል፤ ከሰው ጽሑፍ መቅዳትና መገልበጥ አንድ ነዋ። ፕሮግራሙ ግን ውሃ የሚቀዱትንም ሴቶች ገለበጣቸው፤ የሚቀደውንም ጎህ ጨመረበት። ስለዚህ ‹ቀዳ› የሚለው ቀድሞ ነበር፣ ‹ገለበጠ› ኋላ መጣ። ቀድሞ የታተመው ቀድሞ የተጻፈው አይደለም። ሰርቃ ሳይሆን ተሰርቃ ነው የሞተችው።»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «እኔ... ቁጥሩን ነው ያየሁት» አለ።

«አውቃለሁ። ያልጠረጠርኩዎትም ለዚያ ነው። የውሃውን ነገር እንኳ በቅጡ አያውቁትም ነበር።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «አሁን ወደ ሞቷ። ጆርናሉ በእጇ ነበር። ሬሳው ጋ የለም። በማግስቱ እዚህ ቁልፍ ያለው ሰው ብቻ በሚደርስበት ሣጥን ተገኘ። ራሷን የወረወረች ሰው ጆርናል አትመልስም። እዚህ ካላችሁት ቁልፉ ያላችሁ መምህራን ሁለት ናችሁ። አንደኛው ጽሑፉን ከነጭራሹ አላነበበም።»

አማካሪው ቀና አለ። «ያ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ማስረጃው የእርስዎ አፍ ነው። ‹ሰው ለአንዲት ግስ ብሎ ሕይወቱን ያጣል?› አሉኝ። እሷ ግሱን ያገኘችው ቅዳሜ ነው። የነገረችው ለጓደኛዋ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ደግሞ ለእኔ የነገረችኝ እርስዎ ይህን ከተናገሩ በኋላ ነው። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ካላዩዋት፣ ግሱን ማን ነገረዎት?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ይመለጣል ይባላል። አማካሪው ግን አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ትከሻው ብቻ ወረደ።

«ሳቀችብኝ» አለ። «ደረጃው ላይ አገኘችኝና አነበበችልኝ። እኔ እንኳ ከታተመ በኋላ አላነበብኩትም ነበር። ‹ስሜን አንድ መስመር ላይ ቢጽፉት ምን ይጎድልብዎት ነበር?› አለችኝ። ጆርናሉን ልቀማት ሳብኩት። እሷም ሳበች። ከዚያ እጇ ለቀቀ። አልገፋኋትም።»

«ከዚያስ?»

«መነጽሯ እግሬ ሥር ነበር። እንዳልረግጠው ጎንበስ ብዬ ወደ ጥግ አደረግኩት።»

«ለመነጽሩ ጎንበስ አሉ» አለች መርማሪዋ። «ለሷስ?»

አማካሪው ጠረጴዛውን አየ።

«ወዲያው አልሞተችም። ሰው ቢጠሩ ኖሮ ምናልባት ትድን ነበር። ጆርናሉን መልሰው በፊተኛው በር ወጡ።»

ጓደኛዋ አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሟ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ፖሊሱ አማካሪውን ይዞ በአጠገቡ ሲያልፍ መንገድ ለቀቀላቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ ለማያውቀው ሰው እንደሚለቅ።

ሁሉም ሲወጣ ወንድሟ ወደ መርማሪዋ ቀረበ።

«አልሰረቀችም ማለት ነው?»

«አልሰረቀችም።»

«እናታችን ይህን አጣርተህ ና ነው ያለችኝ። እንዴት ሞተች እንኳ አላለችም። ‹ልጄ የሰው ነገር አትነካም› ብቻ ነው የምትለው።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። መርማሪዋ ልትሄድ ስትል በእጁ ቆዪ የሚል ምልክት ሰጣት፤ ብቻውን መሆንን የፈራ ይመስላል።

«እማዬ፣ አልሰረቀችም» አለ። «እሷ ናት የተሰረቀችው። አዎ። መምህሯ ነው። አዎ፣ ይዘውታል።»

 የእናቱን ድምፅ መርማሪዋም ሰማችው፤ ቀጭን፣ የረጋ ነው።

«እሺ» አለች እናቱ። «ምሳ በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ብላ።»

«እሺ እማዬ» አለ። ልቅሶው ያን ጊዜ መጣ።