ከነታኬታው

የመቶ አለቃ ክፍሉ ከማዕበል እግር ኳስ ቡድን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲደርስ ተጫዋቾቹን በካልሲ ቆመው አገኛቸው። ጫማቸው ደጃፉ ላይ ተደርድሯል። ከሰሞኑ ዝናብ ጭቃ የሆነውን የአስመራውን የጎዳይፍ ሜዳ ሌሊቱን የወረደው የሰኔ ዝናብ ጨርሶ አጥለቅልቆታል። ውስጥ ግን የሲሚንቶው ወለል ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ከበሩ እስከ ግድግዳው ከተዘረጋ አንድ የጭቃ ፈለግ በቀር እድፍ የለበትም። በፈለጉ ጫፍ አሰልጣኙ ዘርእዝጊ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል።

ክፍሉ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ከተዛወረ ወዲህ ብዙ አስከሬን አይቷል፤ አብዛኛውን አለቆቹ «ወንበዴ ገደለው» ብለው አስፈርመውታል። ይኼኛውን ግን ተንበርክኮ መረመረው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰብሯል። ታኬታው ከእግሩ አልወለቀም፤ የተረከዙ ጀርባ በጭቃ ተለውሷል። ጥፍሮቹ ውስጥ ነጭ ኖራ አለ። ቀኝ እጁ የአምበሉን የክንድ ጥብጣብ ጨብጧል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የቡድኑ ሊቀ መንበር ጓድ አሳምነው፣ በቡት ጫማው ወለሉን እየረገጠ ገብቶ። «ገዳዩ አምበሉ ኣስፍሃ ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሟቹ ሲታገል ጥብጣቡን ከክንዱ ላይ ነጥቆታል። የልጁ ወንድም ደግሞ ከወንበዴዎቹ ጋር በረሃ ነው ያለው። ሪፖርቱን ከቀትር በፊት እፈልጋለሁ።»

«ሪፖርቱ ሲያልቅ ይደርስዎታል» አለ ክፍሉ።

ኣስፍሃን ወደ ሜዳው ይዞት ወጣ።

«ትናንት ተጣልታችኋል?»

«እወ። ጉልበቴ አብጧል፤ ልጫወት አልኩት፣ እምቢ አለኝ። አቦይ ዘርእዝጊ አንዴ እምቢ ካለ አለ ነው። ሊቀ መንበሩ ‹የእህቴን ልጅ ደጉን አሰልፍ› ሲለውም እምቢ ብሎታል።»

«ጥብጣቡን ከክንድህ ነጠቀህ?»

«አይፋል፣ አልነጠቀኝም። እኔ ዘንድ አድሮ አያውቅም፤ የሚያድረው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ‹ጥብጣብ ለጨዋታ ነው፤ ከጨዋታ ውጭ ሁላችሁም እኩል ናችሁ› ይለን ነበር።»

«ጫማችሁንስ ለምን አወለቃችሁ?»

ኣስፍሃ እግሩን አየ። ማውለቁን ራሱም ልብ አላለውም ነበር። «ወለሉን የምናጥበው እኛው ነን፣ በተራ። እሱም ተራ አለው። በጫማ የሚገባ የለም።»

ረዳት አሰልጣኙ ዮሃንስ ዓይኑ ቀልቶ ከጎሉ አጠገብ ተቀምጧል።

«ከእንግዲህ ቦታው ያንተ ነው» አለው ክፍሉ።

«እንዲህ ሆኖ አልፈልገውም። ትናንት ልምምድ ሲያልቅ ለዛሬው ጨዋታ መስመሩን ኖራ ሊቀባ ብቻውን ቀረ። እኔ ልሥራው ብለው፣ ‹ባለፈው ያንተ ነበር፣ አሁን የእኔ ነው› ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ከኣስፍሃ ጋር በአውቶቡስ ወደ ዓኽርያ፣ ወደየቤታችን ሄድን።»

ክፍሉ ሜዳውን ቃኘ። አንድም ነጭ መስመር አይታይም፤ ዝናቡ ጠራርጎታል። የጎሉን ብረት በእጁ ዳበሰ። መጋጠሚያው ሥር፣ ዝናብ ያልደረሰበት ቦታ፣ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል።

ሊቀ መንበሩን መኪናው አጠገብ አገኘው።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ከደጉ ጋር። ከሳምንት ወዲህ ወደዚህ ሜዳ የመጣሁት ዛሬ ጠዋት ነው።»

ክፍሉ በተከፈተው በር ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከነጂው እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ ነጭ ነገር ደርቋል። ቀና አለ።

ሁሉንም ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሰበሰባቸው። እሱም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

«ዘርእዝጊ እዚህ አልሞተም» ብሎ ጀመረ። «ጎሉ ጋ ተገፍትሮ ብረቱ መታው፤ ከዚያ ተጎተተ። ተረከዙ ይመሰክራል። ገዳዩ እዚህ ውስጥ ጠብ የተነሣ ሊያስመስል ፈለገ፤ ግን ከነታኬታው አስገባው። የማዕበል ሰው ቢሆን ታኬታውን ያወልቅለት ነበር። እነዚህ ሰዎች ዛሬ፣ አባት የሚሉት ሰው ሞቶ እንኳን፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት።»

ተጫዋቾቹ አቀርቅረው እግራቸውን አዩ።

«ጥብጣቡም እንደዚያው ነው። ከሟቹ ኪስ አውጥቶ እጁ ላይ ያስጨበጠው፣ የአምበል ጥብጣብ ከአምበሉ ጋር ያድራል ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። የቡድኑ ሰው እንዲህ አይሳሳትም።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ አሳምነው።

«የመኪናዎ ምንጣፍ ላይ ያለው ኖራ ግን ግምት አይደለም። ዘርእዝጊ መስመሩን የቀባው ትናንት ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ሌሊት ዝናብ አጠበው። ዛሬ ጠዋት ሜዳው ላይ የሚረገጥ ኖራ አልነበረም። እርስዎ የረገጡት ትናንት ነው።»

«ቤቴ ነበርኩ አልኩህ። ደጉ፣ ንገረው።»

ደጉ ከጥግ ተነሣ። «አጎቴ፣ ማታ ቤት አልነበርክም። ቡትህን በረንዳ ላይ ስታጥብ አይቼሃለሁ።»

«ላንተ ብዬ ነው የሄድኩት!»

«እኔ አልላክሁህም። አሰልጣኙ ‹ገና ነህ፣ ጠብቅ› ብሎኛል። ልክ ነበር።»

አሳምነው ወደ መቶ አለቃው ዞረ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ልገድለው አላሰብኩም። እኔ የሾምኩት ሰው፣ ኖራ እየበተነ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ እምቢ አለኝ። ገፋሁት። አንተ ግን አስብበት። እኔ ነገ እፈታለሁ፤ አንተን ኦጋዴን ይልኩሃል።»

ክፍሉ ሚስቱን አሰበ፤ ወደ አስመራ የመጣበትንም ጊዜ አሰበ። ባለፉት ወራት የፈረመባቸው ወረቀቶች ሁሉ ዓይኑ ላይ መጡ።

«ይላኩኝ። አሁን እጅዎን ይዘርጉ» አለ፣ ካቴናውን አውጥቶ።

በሩ ላይ ፈርተው የቆሙት የሊቀ መንበሩ አጃቢ ወታደሮች እንኳን መንገድ ለቀቁለት።

ክፍሉን የኦጋዴን ዝውውር ትእዛዙ ሳምንት ሳይሞላ ደረሰው። ሻንጣውን አዘጋጅቶ፣ ከመሄዱ በፊት ለሌላ ቀን የተላለፈውን ጨዋታ ሊያይ ሜዳ ገባ። አዲሱ ሊቀ መንበር ከክብር ወንበሩ ሆኖ፣ ማንም አንገት እንዳይደፋ፣ ኀዘን እንዳይታይ፣ ደጉም ከመጀመሪያው እንዲሰለፍ አዟል። ቡድኑ ሜዳ ሲገባ ግን ሁሉም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረዋል። ዮሃንስ ማንንም ሳያማክር አሰላለፉን ተናገረ፤ ደጉን አልጠራም።

ደጉ የልምምድ ሹራቡን እንደለበሰ ሄዶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ካድሬ መጥቶ ተነሥ አለው። ደጉ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ፣ «አሰልጣኜ ጠብቅ ብሎኛል» አለና እዚያው ቀረ።