የዋርሰን ግጥም ሦስተኛ መስመር

ሮብሌ ነግዬ ግጥም ከማውረዳቸው በፊት የገጣሚውን ስም ይጠሩ ነበር። ዲሪዬ ሐንዱሌ የገጣሚውን ስም ብቻ ሳይሆን ግጥሙን ከማን አፍ እንደ ተቀበሉትም ይናገሩ ነበር። አወኦ ጉሬ ደግሞ አንድ ስንኝ ከጠፋባቸው፣ በሠርግ መካከልም ቢሆን ቆም ብለው፣ «እዚህ ላይ አንድ ወድቃብኛለች፤ ከራሴ አልጨምርም» ይሉ ነበር። ሦስቱም ግጥም በቃላቸው የሚያስተላልፉ የድሮ የሶማሌ ግጥም አዋቂዎች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት አልገቡም። ነገር ግን የሌላውን ቃል የራሱ አስመስሎ የተናገረ ሰው በእነርሱ ዘመን ግመል ነድቶ ከሄደ ሌባ ተለይቶ አይታይም ነበር።

የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች በሚማሩበት፣ በሐርጌሳ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስርቆት ተገኘ።

የተሰረቀው ጽሑፍ ነበር።

ክንሲ የተባለች የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ባስገባች ጊዜ የመመሳሰል መመርመሪያው ኮምፒውተር ገጾቿን በቀይ አቀለማቸው። ጽሑፏ፣ ዶክተር ሳማተር የተባለው ወጣት መምህር ከጥቂት ወራት በፊት በመጽሔት ካሳተመው ጥናት ጋር ቃል በቃል ገጠመ። ሁለቱም የሚያጠኑት አንድ ግጥም ነው፤ ከሞተች ብዙ ዘመን ያለፋት ዋርሰን የተባለች ገጣሚ በድርቅ ወራት፣ በጉድጓድ አፍ ላይ፣ ግመሎቿን ስታጠጣ የገጠመችው።

ቀድሞ የታተመው የሳማተር ነው። እንግዲያው ሌባዋ ክንሲ ናት ተባለ። ሐሙስ ዕለት የዲሲፕሊን ጉባኤ ተቀምጦ ሊያባርራት ቀጠሮ ተያዘ።

ጉባኤውን እንዲመሩ ጡረታ የወጡት መምህር ሸርማርኬ ጌዲ ተጠሩ። ተማሪዎች «መቀሱ» ይሏቸው ነበር። ምንጩ ያልተጠቀሰ አንቀጽ ሲያገኙ በእርግጥ በመቀስ ቆርጠው ያወጡትና ወረቀቱን ባለ ቀዳዳ አድርገው ለባለቤቱ ይመልሱ ነበርና።

በመጀመሪያ ተከሳሿን አስጠሩ።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ እናገራለሁ።»

«እንደ ወደድሽ። ከሳማተር ገልብጠሻል?»

«አልገለበጥሁም።»

«ታዲያ ቃሉ እንዴት አንድ ሆነ?»

«እርሱን ይጠይቁት፣ አጎቴ» አለች፤ በሶማሌ ወግ ታላቅ ሰው ሁሉ አጎት ወይም አክስት ይባላል።

«ማንን እንደምጠይቅ አንቺ አትመርጭልኝም።»

ክንሲ ሻሿን ወደ ኋላ ወረወረች። «ትምህርት ክፍሉ የይቅርታ ወረቀት ፈርሚና ሌላ ርእስ እንስጥሽ አለኝ። አልፈርምም! ጣቴን ይቁረጡት!»

«ጣትሽን ማን ፈለገው? እኔ የምፈልገው ምንጭሽን ነው።»

«አክስቴ አምበሮ ናቸው። በቡርዖ መንገድ ላይ ይኖራሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ከአፋቸው ነው የጻፍሁት።»

መምህር ሸርማርኬ ጽሑፏን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ግጥምን በዓይን ብቻ ማንበብ ለእርሳቸው ምግብን በመስኮት እንደ ማየት ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ግመሎቼ ገቡ፣ ገመዱን ገትሩ፤
ጉድጓዱ ገደል ነው፣ ጎበዞች ጎትቱ፤
ማድጋዬ ሞላልኝ፣ መንጋዬም ረካ፤
ጎኔ ገና ሳያርፍ፣ ጉዞው ገሠገሠ።»

ቆሙ። እንደ ገና አነበቡት። ሦስተኛው መስመር ላይ ጆሯቸው ተደናቀፈ።

በሶማሌ ግጥም ሕግ መላው ግጥም ከራስ እስከ እግሩ በአንድ ፊደል ይታሰራል። ዋርሰን ያሰረችው በ«ገ» ነው። ታዲያ ይህ «መ» ከየት ገባ? ደግሞስ ማድጋ ምንድን ነው? ግመል የሚጠጣው በቆዳ ባልዲ ከተቀዳ ውሃ ነው። ሸክላ ጭኖ የሚጓዝ ዘላን የለም፤ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ስባሪ ሆኖ ይቀራል።

«ይህች ልጅ መስመሩን ፈጥራዋለች» ሲሉ አሰቡ። እንዲያ ከሆነ ሌብነቷንም ማመን አይከብድም።

የሳማተርን ጥናት ገለጡ። ያው መስመር በዚያም አለ! ከሥሩም ሰፊ የግርጌ ማስታወሻ ተጽፎበታል። «ገጣሚዋ ሐዘኗ በበረታበት ቦታ የፊደሉን ሥርዓት ሆን ብላ ሰበረችው፤ ማድጋውም የእናት ማሕፀን ምሳሌ ነው» ይላል።

ማስታወሻው በክንሲ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ የፋኩልቲው ዲን ዶክተር አብሺር ጠርተው ሻሂ ጋበዟቸው።

«መምህር፣ ነገሩን ባናከረው ምን አለ? ሁለቱም ከአንዲት አሮጊት ሰምተው ይሆናል። ግጥሙ ቢመሳሰል ምን ይደንቃል?»

«ግጥሙ ይመሳሰል። ሁለቱም ጽሑፎች ቃል በቃል የሚሉት ማብራሪያም ከአሮጊቷ አፍ ወጣ?»

አብሺር ሻሂውን አማሰሉ። «የሳማተር አጎቶች ትናንት ቤቴ መጥተው ነበር። የተከበሩ ሰዎች ናቸው።»

«የእኔም ቤት መጡ። ሻሂ አጠጥቼ ሸኘኋቸው።»

«ልጁ ዕድገት ይጠብቃል። ልጅቱም ብትሆን በጸጥታ ትሂድ፤ ስሟን አናጠፋም።»

«ጠፍቶ ያደረ ስም ነው፣ አብሺር። ግቢው ሁሉ ሌባ እያላት ነው። እኔ ሐሙስ የምቀመጠው ለመፍረድ እንጂ ለማዳፈን አይደለም። ካልፈለጋችሁኝ ሌላ ሰብሳቢ ፈልጉ፤ ምክንያቱን ግን ለጠየቀኝ ሁሉ በሩ ላይ ቆሜ እናገራለሁ።»

ሻሂያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በቡርዖ መንገድ ተጓዙ።

አምበሮ ከዳሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ቢደክምም ድምፅ ይለያሉ።

«ሸርማርኬ ነህ? ገና አልሞትህም?»

«አንቺን ልቅበር ብዬ ነው የቆየሁት።»

«እንግዲያስ ተመችቶህ ተቀመጥ፤ ብዙ ትቆያለህ» አሉና ሳቁ።

የዋርሰንን ግጥም እንዲያወርዱላቸው ለመኗቸው። አምበሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግጥሙ የዋርሰን ነው። እኔ ከእናቴ ተቀበልሁት» ብለው ጀመሩ። ሁለት መስመር እንዳወረዱ ቆሙ።

«እዚህ ላይ አንድ ወድቃብኛለች። እናቴም አልነበራትም።» ከዚያ በአራተኛው ቀጠሉ።

መምህሩ ፈጥነው ጠየቁ። «ማድጋ የሚል የለም?»

«ማድጋ? የሚጠጣው ግመል ነው ወይስ ዶሮ?»

«እዚህ ማን ማን መጣ?»

«አንዲት ልጅ መጣች። ጥያቄዋ አያልቅም፤ ፍየል ስታልብ እንኳ ትጠይቃለች። ደግሞ ባለ መነጽር መጣ።»

«ሳማተር?»

«እንጃለት። ሻሂዬን ጠጣ፤ ከእኔ ጋር ፎቶ ተነሣ። ግጥሙን ስጀምርለት ስልኩ ጮኸ፤ እያወራ መኪናው ውስጥ ገባ።»

መምህር ሸርማርኬ በመመለሻቸው ላይ ነገሩን አብላሉት። ሳማተር አምበሮ ዘንድ መድረሱ እውነት ነው፤ ፎቶም አለው። ክንሲም ደርሳለች። መስመሩ ግን ከአምበሮ አፍ አልወጣም። ከሁለቱ አንዱ ፈጥሮታል፤ ሌላው ከእርሱ ወስዷል።

ማን ፈጠረ? ማንስ ወሰደ?

ድንገት ሾፌሩ እስኪዞር ድረስ ጭናቸውን መቱ። የፈጠረው ሰው መስመሩ የውሸት መሆኑን ያውቃል። የወሰደው ግን እውነተኛ መስሎታል። እውነተኛ መስሎት ከሥሩ ማሕፀን የቆፈረው ማን እንደ ሆነ ገመቱ፤ ግምት ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሳማተር ከረባቱን አሳምሮ በፊት ወንበር ተቀመጠ። ክንሲ አሁንም ቆመች።

«ዶክተር ሳማተር፣ ግጥሙን ከማን ተቀበልህ?»

«ከአምበሮ። ፎቶው ይኸው።»

«ፎቶው ያምራል። መስመሮቹን ሁሉ ከእርሳቸው አፍ ሰማህ?»

«አንድም ሳይቀር።»

«ሦስተኛውንም?»

«በተለይ ሦስተኛውን! በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ማድጋ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የግርጌ ማስታወሻዬ የተወለደው ከዚያ ነው።»

«ትምልበታለህ?»

«ወላሂ!»

መምህሩ ወደ ክንሲ ዞሩ። «አንቺስ? ሦስተኛውን መስመር ከማን ሰማሽ?»

ክንሲ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ፊቷ ተለዋወጠ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ተያዘች» አለ።

«መልሽ እንጂ።»

«ከማንም አልሰማሁም» አለች በመጨረሻ። «መስመሩ የእኔ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ።

«አምበሮ አንድ ወድቃለች ብለው ነበር። ጽሑፌ ጎዶሎ እንዳይመስል እስካጣራ ብዬ ከራሴ ሞላሁት። ምልክት ላደርግበት አስቤ ነበር፤ አላደረግሁም። አፍሬ ነው ዝም ያልሁት። የሙት ቃል ውስጥ ቃሌን ደባለቅሁ። ስለዚህ ቅጡኝ፤ እቀበላለሁ። ከእርሱ ገለበጥሽ ብትሉኝ ግን እስክሞት አልቀበልም!»

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ሳማተር ዞሩ።

«ዶክተር» አሉ መምህር ሸርማርኬ፣ «ይህች ልጅ ከተማ ተወልዳ፣ ግመል በምን እንደሚጠጣ ሳታውቅ የጻፈችውን መስመር አንተ ከአምበሮ አፍ ሰምተኸዋል። እንባም አይተሃል። ከወዴት ሰማኸው?»

ሳማተር ከረባቱን ነካካ። «ምናልባት… ተምታቶብኝ…»

«ረቂቋ እጅህ ገብቶ ነበር?»

«ከማሳተሜ በፊት ትምህርት ክፍሉ አስተያየት ስጥበት ብሎ ልኮልኝ ነበር።» ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «ቢሆንስ? ግጥሙ የሕዝብ ነው! የሕዝብ ነገር ባለቤት የለውም። እኔ ባላሳትመው ማን ያነበው ነበር?»

«ባለቤት ከሌለው ለምን ያንተን ስም ጻፍህበት?»

ሳማተር ከረባቱን ለቀቀ። ትከሻው ወረደ። ሲናገር ድምፁ ቀጭን ነበር። «ሽማግሌዎች ዘንድ ስሄድ ግማሹ ቃል አይገባኝም። ዶክተር ተብዬ ይህ ምን ማለት ነው ብዬ መጠየቅ አፈርሁ። አምበሮ ሲጀምሩ ስልኩ ጮኸ፤ አላህ ገላገለኝ ብዬ ወጣሁ። ዕድገቱ ደግሞ ጽሑፍ ይጠይቃል። የእርሷ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።»

ዶክተር አብሺር ተነሡ። «እንግዲህ እውነቱ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ያለው በመካከላችን ይለቅ፤ መጽሔቱንም ባንነካው…»

«ተቀመጥ፣ አብሺር!» መምህር ሸርማርኬ ጀርባቸው ቀጥ እንዳለ ተነሡ። «ልጅቱን ሌባ ያላችኋት በአደባባይ ነው። ስሟንም በአደባባይ ትመልሱላታላችሁ። ጥናቱ ይሰረዛል፤ ምክንያቱም እዚያው መጽሔት ላይ ይታተማል። አንቺ ክንሲ፣ መስመርሽን ታወጪና ባዶ ትተዪዋለሽ። ጠፍቷል ብለሽ ጻፊበት። የጠፋን ነገር ጠፍቷል ማለትም ዕውቀት ነው። ያስተካከልሽ ዕለት ትመረቂያለሽ።»

«እሺ፣ አጎቴ» አለች ክንሲ፤ ያን ጊዜ ገና ተቀመጠች።

ሰው መውጣት ጀመረ። ሳማተር አልተነሣም።

«የግርጌ ማስታወሻው እንኳ የእኔ ነበር» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ከማንም አልወሰድሁትም።»

«አውቃለሁ» አሉ መምህር ሸርማርኬ። «እንዲህ ያለውን ከማንም አይወስዱትም።»

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሳማተርም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። መነጽሩን አወለቀና ወደ ክንሲ ዞረ።

«ከጽሑፉ ሁሉ የእኔ የነበረው ስሕተቱ ብቻ ነው» አላት። «ተሳስቻለሁ።»