ሦስት መልስ ያለው ሠንጠረዥ

ድልድሉ በወጣበት ጠዋት ትርሲት ደርበው የራሷን ስም በሦስተኛ ተራ፣ የአባቷን ደግሞ በአምስተኛ ተራ አገኘችው። አንብባ ስትጨርስ ሻይዋን ጨልጣ ሥራ ገባች። ምን ታድርግ? በዚያ ጠዋት «አድማስ» ላይ እንዲህ ያለ መርዶ ያልደረሰው ቤት ጥቂት ነበር፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሥራ ገብቷል።

«አድማስ» ከፀሐይ ግዛት ልትወጣ የተቃረበች መርከብ ናት። እስካሁን መንገደኛው ሁሉ ነቅቶ ነው የተጓዘው። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ግን የትየለሌ ስለሆነ ሰዉ በዘጠኝ ተራ ይከፈላል። አንዱ ተራ ዓመቱን ነቅቶ ሲሠራ ስምንቱ ይተኛል፤ እንቅልፉም ዕድሜን ባለበት የሚያቆም እንቅልፍ ነው። በአንድ ተራ የተመደቡ አብረው ያረጃሉ። በተለያየ ተራ የወደቁ ግን አንዱ ሲነሳ ሌላው እየተኛ፣ እስከ መድረሻው ድረስ አንዲት ቃል አይለዋወጡም። የትርሲት አባት አቶ ደርበው ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። መርከቢቱ ስትደርስ ወደ ዘጠና ይጠጋሉ፤ ከደረሱ።

ማን በየትኛው ተራ እንደሚነቃ የሚወስነው ደልዳዩ ነው። ደልዳይ የሚሉት መንገደኛውን ሁሉ ከነሙያው፣ ከነሕመሙና ከነዘመዱ ይዞ የሚያሰላውን የመርከቢቱን አእምሮ ነው። ዘመድ ከዘመድ እንዳይለይ ታዟል፤ «የሚቻል ከሆነ» የምትል ነገር ግን ከትእዛዙ ሥር ተወሽቃለች። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም «ሌላ መልስ የለም» ብሎ ይጽፋል። ትርሲት የድልድል ክፍል ባለሙያ እንደመሆኗ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ለስንቱ አልቃሽ አንብባለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዓለም ላይ፣ ኧረ ከዓለምም ውጭ፣ ያላት ዘመድ አባቷ ብቻ ነው። ለራሷ ስታነባት ቃሏ ልክ እንደ ድንጋይ ከበደቻት።

ከሥራ ወጥታ አባቷ ክፍል ስትደርስ አቶ ደርበው ያረጀ ሳጥናቸው ላይ አቀርቅረዋል። ሳጥኑ የቤት ኮምፒውተር የሚባል ነገር ነው፤ ድሮ ድሮ ሰው በየቤቱ ከቴሌቪዥን ጋር እያያያዘ ይጫወትበት ነበር። ሌላው መንገደኛ የተፈቀደለትን የጓዝ ክብደት በልብስና በፎቶ ሲሞላ፣ እሳቸው ይህን ከነቴሌቪዥኑ አሽገው በሁለት ሸሚዝ መርከብ የተሳፈሩ ሰው ናቸው።

«አየኸው፣ አባዬ?»

«አየሁት። አምስተኛ ተራ ሾርባው ጥሩ ነው አሉ።»

«አትቀልድ!»

«ታዲያ ላልቅስ? የተለቀሰውማ ይበቃል፤ ጎረቤት ሁሉ ሲያለቅስ ነው የዋለው።» ቀና ብለው አዩዋትና ድምፃቸው ለሰለሰ። «እስቲ የኛን ሠንጠረዥ አምጪው። የኃላፊዎቹን።»

በየተራው ዘጠኝ የሙያ ኃላፊዎች ይነቃሉ፤ አንድ የአየር፣ አንድ የውኃ፣ አንድ የሕክምና እያለ ይቀጥላል። አቶ ደርበው ከዘጠኙ የአየር ኃላፊዎች አንዱ ናቸው። ትርሲት ሠንጠረዡን ስትዘረጋላቸው ሽማግሌው ጭናቸውን መቱ።

«ዘጠኝ በዘጠኝ! ይሄ እኮ የኔ ጨዋታ ነው!»

ጨዋታውን ታውቀዋለች፤ ያደገችው እሱን እያየች ነው። ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነውን ሠንጠረዥ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ባሉ ቁጥሮች መሙላት ነው፤ አንዱም ቁጥር በመስመሩም በዓምዱም እንዳይደገም። አባቷ ይህን የሚፈታ ፕሮግራም በወጣትነታቸው ራሳቸው ጽፈዋል። አሁን ሕጎቹን ቀያየሩበት፦ ማን ከማን ጋር ዘመድ ነው፣ ማን በየትኛው ተራ ሊነቃ አይችልም። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፎቹን የምትመታው እሷ ነበረች። ምን ይጠቅማል ብላ አልነበረም፤ አብራቸው መቀመጥ ፈልጋ ነው።

ፕሮግራሙ የሚኖረው ካሴት ላይ ነው፤ ካሴት ማለት ድምፅ የሚቀዳበት ቀጭን ጥቅል ክር ነው። ሲጫን እንደታነቀ ዶሮ ጮኸ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ሳጥኑ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ይቀጥላል፤ ሕግ ሲጣስ ደግሞ ተመልሶ ያጠፋዋል፤ ሌላ ይሞክራል። ደልዳዩ የሚሠራውን ማንም አይቶ አያውቅም፤ መልሱን ብቻ ይናገራል። ይህ ግን ስህተቱን ሁሉ በአደባባይ እየሠራ፣ ሲሳሳትም ሳያፍር፣ አባትና ልጅን ፊቱ አስቀምጦ ምሽቱን ፈጀው። በመጨረሻ ቁጥሮቹ ቆሙ።

ትርሲት አየችና ግራ ገባት። በሳጥኑ መልስ አባቷ ያሉት ሦስተኛ ተራ ላይ ነው።

«ተበላሽቷል» አለች።

«እሱ? አይበላሽም። ዕድሜው ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው።»

መስመሮቹን ባለሙያ እንደሚያደርገው አንድ በአንድ ፈተሸች። የተጣሰ ሕግ የለም። ደግማ ፈተሸች፤ የለም። ይህንኑ ስታሰላስል ቁጥሮቹ ደግሞ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

«ምን ሆነ? መልሱን አግኝቶ የለም እንዴ?»

«አንድ አግኝቶ አይቆምም። ሌላም ካለ ይፈልጋል፤ እንዲያ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

ሌላም ነበር። በሁለተኛው መልስ ሦስተኛ ተራ ላይ የተቀመጡት አቶ ሽበሺ የሚባሉ ሌላ የአየር ኃላፊ ናቸው፤ አባቷ ደግሞ ሰባተኛ ላይ። በመጀመሪያው መልስ ተቃራኒው ነበር፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ሦስተኛው መልስ የደልዳዩ መልስ ነው፤ አባቷ አምስተኛ፣ አቶ ሽበሺ ስምንተኛ፣ ሦስተኛ ተራ ላይ ደግሞ ዘመድ አዝማድ የሌለው አንድ ላጤ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ዝም አለ።

ሦስት መልስ። ትርሲት እያየችው አላመነችም። ሌላ መልስ የለም ብላ የሸኘቻቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባት።

በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሙሉመቤት ዘንድ ሁለቱም ገቡ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ቀልድ የማይገባቸው፣ ግን የሰው ነገር የሚገባቸው ሴት ናቸው። ሦስቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ አዩና ደልዳዩን በቀጥታ ጠየቁት። «አቶ ደርበውና አቶ ሽበሺ በሦስተኛና በሰባተኛ ተራ የሚመደቡበትን መንገድ ለምን ጣልከው?»

ደልዳዩ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ መለሰ። «ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡም ትክክል ይሆናል። ይህም ሁለት መልስ ያመጣል። ትክክለኛ ሠንጠረዥ አንድ መልስ ብቻ አለው። ስለዚህ ሁለቱም ተሰርዘዋል።»

«ምን ማለት ነው ይሄ?» ወይዘሮ ሙሉመቤት ወደ ትርሲት ዞሩ። ትርሲት ወደ አባቷ ዞረች። አቶ ደርበው አፋቸውን ይዘው ነበር።

«አቋራጯ ናት» አሉ። «የኛ የተጫዋቾች አቋራጭ። ጨዋታው ላይ ሠንጠረዥ የሚያወጣው ሰው መልሱ አንድ መሆኑን አረጋግጦ ነው የሚያወጣው፤ ሁለት መልስ ያለው ያወጣ መሳቂያ ነው የሚሆነው። እኛም ይህን እናውቅና እንጠቀምበታለን። ሁለት ቁጥር ቢለዋወጥ በሁለቱም መንገድ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ይሄማ ሁለት መልስ ሊሆን ነው ብለን ሁለቱንም እንጥላለን። ስንት ድካም ታተርፋለች መሰለሽ!» ፊታቸው ላይ የነበረው የጨዋታ ደስታ ድንገት ጠፋ። «ግን እኮ ያንን ሠንጠረዥ ሰው ነው አስቦ የሚያወጣው። ይሄኛውን ማን አወጣው?»

ደልዳዩን ምድር ላይ የነደፈው ሰው የታወቀ የቁጥር ጨዋታ አፍቃሪ እንደነበር ሁሉም ሰምቷል፤ እንደ ጥሩ ነገር ነበር የሚወራለት። ሰውዬው ለክፋት አላደረገውም፤ ለምዶበት ነው። እናም ሁለት ሰው ሊለዋወጥ በሚችልበት ቦታ ሁሉ፣ ማለትም ሰው ሊመርጥ በሚችልበት ቦታ ሁሉ፣ ደልዳዩ እንደ ስህተት ቆጥሮ ሲሰርዝ ኖሯል።

ወይዘሮ ሙሉመቤት እንቅልፉ እንዲዘገይ፣ ድልድሉም ከሥር እንደገና እንዲሠራ አዘዙ። ያን ቀን መርከቢቱ በእልልታ ተናጋች። ትርሲት ግን የራሷ ሠንጠረዥ ፊቷ ተደቅኗል። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ሦስተኛ ተራ የሚገባው አንድ ብቻ ነው፤ አቶ ሽበሺም እዚያ ተራ ላይ ባለቤታቸው አሉ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ይባላሉ፤ ዓይናቸውን ሐኪሞች ደጋግመው ሠርተውት እምቢ ብሏል። እሳቸውም ሆኑ ትርሲት ከሦስተኛ ተራ የሚነሱበት መልስ ደግሞ አልተገኘም። «ይሄን እኔም አልወስንም፣ ደልዳዩም አይችልም» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። «ባለጉዳዮቹ ይነጋገሩ።»

ትርሲት ለመከራከር ተዘጋጅታ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ስታውጠነጥን፣ በአንዲት ዓይናማ ልጅና በአንዲት ዓይነ ስውር ሚስት መካከል የትኛው ይበልጣል ብላ ስትመዝን አድራ፣ ራሷን ታዝባለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቢሮው ውስጥ ሲገናኙ የሆነው ግን ያላሰበችው ነው።

«ደርበው፣ አንተ ግባ» አሉ አቶ ሽበሺ ገና ሳይቀመጡ። «አንዲት ልጅ ናት ያለችህ።»

«በፍጹም! አንተ ነህ የምትገባው።»

«በሞቴ!»

«በእኔ ሞት! ዘውዲቱን ማን እጇን ይይዛታል?»

«ሰው ሞልቷል፤ ይይዛታል። አፈር ስሆን፣ እሺ በለኝ።»

«አልልህም።»

በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» «ኧረ እርስዎ» እንደሚባባሉ እንግዶች ሁለቱም ሌላውን ሲገፉ፣ ትርሲት አንዴ አባቷን አንዴ አቶ ሽበሺን ታያለች። የሚገፋፉበት በር የእሷ በር ነው እኮ! አባዬ፣ እኔስ? ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። አቶ ሽበሺ ሊያሸንፉ ነው ብላ የተስፋ ነገር ሽው አለባት፤ ወዲያው ደግሞ የወይዘሮ ዘውዲቱ እጅ በአየር ላይ ሲዳብስ ታያትና አፈረች። ምን እንደምትመኝ ጠፋት።

አቶ ደርበው ብድግ አሉ። ልጃቸውን አላዩም።

«ትርሲት ትሙት፣ አልገባም!» አሉ።

አቶ ሽበሺ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ሰው በአንድ ልጁ ከማለ በኋላ ማን ይገፋዋል? ልጁን ግደል እንደማለት ነው። አቶ ሽበሺ ቀስ ብለው ተቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አለቀሱ። ትርሲት ሳቋም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት። አባቷ በዓለም ላይ ያላቸውን ውድ ነገር ጠርተው የማሉት እሱኑ ላለመያዝ ነው። ደልዳዩ «ምደባው ይመዝገብ?» ብሎ ጠየቃት። በገዛ እጇ መዘገበችው፦ ሽበሺ ሦስት፣ ደርበው ሰባት።

የሰባተኛ ተራ ሰዎች የሚተኙበት ቀን ደረሰ። ወደ አልጋዎቹ በሚወስደው ረጅም መተላለፊያ አባትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ሌሎች ሲቀድሟቸው እያሳለፉ፣ አዘገሙ።

«ተናድጃለሁ» አለች ትርሲት። «ደልዳዩ የለየን ቀን አልተናደድኩም፤ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። በአንተ ግን ተናድጃለሁ። ደግሞ ኮርቼብሃለሁ። የቱ እንደሆነ አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀው» አሉ አቶ ደርበው። «የማልኩ ዕለት ማታ ተጸጽቼ ነበር። ጠዋት ደግሞ አልተጸጸትኩም።» ጥቂት ሄዱና ቆም አሉ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ልጄ። ያን ጊዜ ለይተውን ነበር። አሁን አንቺ እየሸኘሽኝ ነው።»

ትርሲት ክንዳቸውን አጥብቃ ያዘች። የአባቷ አልጋ መብራት ከወዲያ ሲበራ ታያት።

«በቃ፣ ከዚህ ተመለሺ» አሏት፤ ተሸኚ ሁሉ እንደሚለው።

«ትንሽ ልራመድ» አለች፤ ሸኚ ሁሉ እንደሚለው። ከአልጋው የቀራቸው ግን ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር።